ባዶውን ግድግዳ በምን እናልብሰው? የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች ጥያቄዎችና የአዘጋጁ መልሶች

ስለ ቤት አያያዝና ማስጌጥ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ እትም ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ጥያቄ በልዩ ልዩ መልኩ ደጋግሞ የሚደርሰን በመሆኑ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል፤ የቀሩትን ሁለቱን ባጭሩ እናልፋቸዋለን።

ጥያቄ፦ በሳላይሽ አካባቢ ከተሠራ ብዙም ያልቆየ የብሎኬት ቤት አለን። የሳሎናችን ዋና ግድግዳ ወርዱ 4 ሜትር ከ20፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ80 ሲሆን፣ ከፊቱ ከተቀመጠው ሶፋ በቀር ምንም የለበትም። አያቴ የሰፉአቸው ሙዳዮች፣ የመሶብ ክዳኖችና አንድ ትልቅ ሰፌድ፣ ከአባቴ የወረስኩት የሱፍ ባና፣ የቀንድ ዋንጫ፣ እንዲሁም በርካታ የቤተሰብ ፎቶግራፎች በካርቶን ታሽገው ዓመታት አስቆጥረዋል። አናጺው ግድግዳውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ በሚሠራ ገበታ) ፓነል እንድናለብሰው ይመክሩናል፤ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ፓነል ርካሽም ነው፣ እርጥበትም አይፈራም ይላል። ከግድግዳው በስተጀርባ የተቆረጠ ኮረብታ ስላለ፣ በክረምት ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀለሙ ይላላጣል፤ ነጭ ዱቄት መሰል ነገርም ያወጣል። ይህን ስነግራቸው አናጺው «ፓነሉ ይሸፍነዋል» አሉኝ። ቤተሰባችን የሙስሊምም የክርስቲያንም ነው፤ አማቴ ሲመጡ የሚሰግዱት እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው። ከየት እንጀምር?
እ.፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ ሥራው የሚጀመረው አናጺው «ይሸፍነዋል» ካሉት ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ከአፈሩና ከስሚንቶው ውስጥ በውሃ ሟሙቶ የወጣ ጨው ነው፤ ውሃው ወደ ክፍሉ ሲተን ጨው ልስኑ ላይ ይቀራል፣ ቀለሙንም ከሥር እየገፋ ያላልጠዋል። በላዩ ላይ ፓነል ቢለጠፍበት እርጥበቱ አይቆምም፤ የሚቆመው ይተን የነበረበት መንገድ ብቻ ነው። አየርና ብርሃን በማያገኘው ቦታ ሻጋታ ያፈራል፣ ሽታውም ውሎ አድሮ ሳሎኑን ይሞላዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችውና ጉም በማይለያት ደሴ ደግሞ እርጥብ ግድግዳ በራሱ ጊዜ ይደርቃል ብሎ መተው አይቻልም።

እርጥበቱ ከግድግዳው ይምጣ ወይስ ከክፍሉ ትንፋሽና እንፋሎት፣ ያለ ምንም ወጪ መለየት ይቻላል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ንጹሕ ላስቲክ በተላላጠው ቦታ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉትና ሁለት ቀን ይተዉት። ሲያነሡት ጠሉ ግድግዳውን በሚነካው ገጽ ላይ ከተገኘ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ወደ ክፍሉ በሚያየው ገጽ ላይ ከሆነ ግን ችግሩ የቤቱ አየር አለመናፈስ ነው፣ መፍትሔውም መስኮት መክፈት ነው። ከኋላው የተቆረጠ ኮረብታ አለ ካሉን፣ የእርስዎ ግድግዳ የፊተኛው ዓይነት መሆኑን ከወዲሁ እንገምታለን።

እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ገንዘብ የሚወጣው ከቤት ውጭ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ አፈር ካለ ከሳሎኑ ወለል ዝቅ እስኪል ድረስ ይነሣ፤ በኮረብታውና በቤቱ መካከል ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር፤ የጣራው አሸንዳ የተቀደደ ወይም ውሃውን ከግድግዳው ሥር የሚያፈስስ መሆን አለመሆኑም ይታይ። ከውስጥ ደግሞ የላላውን ልስን አስፍቀው ጨውን በደረቅ ብሩሽ ያስጠርጉት፤ በውሃ ከታጠበ ተመልሶ ይገባል። ይህ ሁሉ መስከረም ላይ ቢያልቅ እንኳ ፓነሉን ለማሠራት ቢያንስ እስከ ኅዳር መጨረሻ እንዲታገሡ እንመክራለን። የላስቲኩን ፈተና ደግመው ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት አናጺውን ይጥሩ።

ወደ ፓነሉ ስንመጣ፣ የባለቤትዎ ወንድም ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ፒቪሲ በውሃ አይበላሽም። ነገር ግን ከግድግዳው ጋር ሲጣበቅ እንደ ላስቲኩ ያፍነዋል፣ ከሙቀት ጋርም አይስማማም፤ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መለስለስና መጣመም ይጀምራል። ቡና በሚፈላበት ቤት፣ የከሰል ምድጃው ዘወትር ወደሚቀመጥበት ማዕዘን ፒቪሲ መለጠፍ ጥሩ ምክር አይደለም። ኤምዲኤፍ ደግሞ ለስላሳና ቀለም የሚቀበል ሆኖ ሳለ ጠርዙ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ ወዲያም ወደ ቦታው አይመለስም። ሁለቱንም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንመክርም። ፓነል የሚያስፈልግዎት ለዕቃዎቹ ጀርባ እንዲሆን ነው፤ የአያትዎ ስፌት ባይኖር ኖሮ ግድግዳውን በንጹሕ ቀለም ቀብቶ መተው ይበቃ ነበር።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በገበያ የሚገኘው የኤምዲኤፍ ገበታ 122 በ244 ሴንቲሜትር ነው። ሁለት ባለ 12 ሚሊሜትር ገበታዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ 244 በ244 የሆነ አንድ አራት ማዕዘን ይሆናሉ፤ ምንም ቁራጭ አይባክንም፣ በግራና በቀኝም 88 ሴንቲሜትር ባዶ ግድግዳ ይቀራል። ቁመቱ ግድግዳው ላይ ሲገጠም ከወለሉ 14፣ ከኮርኒሱ 22 ሴንቲሜትር እንዲርቅ ያድርጉ። ወለል ሲወለወል ውሃው አይነካውም፤ አየርም ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል።

አየሩ እንዲያልፍ ግን ፓነሉ ከግድግዳው መራቅ አለበት። ውፍረታቸው 2.5 ሴንቲሜትር የሆነ ሰባት ድጋፍ ጣውላዎች በቁመት ይገጠሙ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 40 ሴንቲሜትር ከጥቂት ሚሊሜትር ሲሆን አራተኛው ጣውላ ልክ የሁለቱ ገበታዎች መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። አናጺው በወርድ ልግጠማቸው ቢሉዎት እሺ አይበሉ፤ በወርድ የተገጠመ ጣውላ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመምና ፓነሉን ይዞት ይሄዳል፤ ደረቅ ጽድ ከተገኘ ምስጥም ስለማይደፍረው የተሻለ ነው። የኤምዲኤፉ ጀርባና አራቱም ጠርዞች ከመገጠማቸው በፊት ቀለም ወይም ቬርኒሽ ይጠጡ፤ አብዛኛው አናጺ የሚታየውን ፊት ብቻ ይቀባል፣ እርጥበቱ የሚገባው ግን በማይታየው በኩል ነው።

አንዱ ገበታ 26 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን በሚስማር የሚያዝ አይደለም። የእርስዎ ግድግዳ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠራ ከሆነ፣ ትራፓኖው በመዶሻ ስልት ሲበሳ የብሎኬቱን የውስጥ ገጽ ይፈረካክሰዋል፤ ፊሸሩም (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) የሚይዘው አጥቶ ባዶ ቦታ ላይ ይሽከረከራል። መዶሻው ጠፍቶ በዝግታ ይበሳ፣ የሚቻል ከሆነም ብሎኬቶቹ በስሚንቶ የተያያዙበት መስመር ይፈለግ። ከመብሳት በፊት ማብሪያ ማጥፊያውና ሶኬቱ የት እንዳሉ ይመልከቱ፤ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ከእነርሱ ቀጥታ ወደ ላይ የሚወጣ በመሆኑ በዚያ መስመር ላይ አይበሳም። (የጭቃ ቤት ያላቸው አንባቢዎች ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ ቋሚውንና ማገሩን ይፈልጉ፤ ጭቃው ብቻውን ከአንድ ቀላል ፎቶግራፍ በላይ አይሸከምም።)

አሁን በየሱቁ የሚታየው ቁልቁል የተሸነተረ ፓነል ነው። ለባዶ ሳሎን ያምር ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም። የወሎ ስፌት ራሱ ቀይ፣ ወይን ጠጅና አረንጓዴ መስመር እየተከተለ የሚዞር በመሆኑ፣ ከኋላው ሌላ መስመር ሲጨመርበት ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ልሙጥ ገበታ፣ የማያንጸባርቅ ቀለም፣ የደረቀ ጭድ ወይም የፈዘዘ ጭቃ መልክ ያለው ይምረጡ። ነጭ ያላልነውም በምክንያት ነው፤ ዕጣንና ወገርት በሚጨስበት ሳሎን ነጭ ፓነል ብዙም ሳይቆይ ወደ ቢጫነት ይሄዳል።

ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለመስቀል አይቸኩሉ። ሰፌዱን፣ ሦስት የመሶብ ክዳኖችንና ባናውን ይምረጡ፤ የቀሩት በየጊዜው ይፈራረቃሉ። ከጋዜጣ ላይ የእያንዳንዱን ዕቃ ልክ ቆርጠው በፕላስተር ፓነሉ ላይ እየለጠፉ ያንቀሳቅሷቸው፤ ከሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ከበሩም ቆመው ይዩአቸው። ሰፌዱ ትልቁ ስለሆነ ሁሉም ሰው መሐል ላይ ሊሰቅለው ይፈልጋል። ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ ገፋ ብሎ፣ ክዳኖቹ በስተቀኙ በተለያየ ከፍታ ቢሆኑ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። በዕቃዎቹ መካከል ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይተዉ፤ ከዚያ በላይ ከራቁ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የተረሱ ይመስላሉ። የጠቅላላው ስብስብ መካከለኛ ነጥብ ከወለሉ 150 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ከሶፋው መደገፊያ ከ20 ሴንቲሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ቢሆን የሰው ጭንቅላት አይነካውም።

ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋ ዕቃ መሐሉን በሚስማር አይወጋም። ከጀርባው በሁለት ቦታ በስፌቱ ዙር ሥር ጠንካራ የጥጥ ክር አሳልፈው በሁለት ትንንሽ ማንጠልጠያዎች ላይ ይስቀሉት፤ በአንድ ነጥብ ብቻ ከተንጠለጠለ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ስቦት ቅርጹን ያበላሸዋል። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሣ እንጂ ዕቃው አይታጠብ፤ የድሮው ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል። የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብቶ የሚያርፍበት ቦታም ለስፌት አይሆንም፤ መጀመሪያ የሚነጣው ወይን ጠጁ ነው።

ባናው የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሁለት ጥግ በሚስማር ተይዞ የተሰቀለ ከባድ ሱፍ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይቀደዳል። ከላይኛው ጠርዝ ጀርባ ወርዱን ሙሉ 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የአቡጀዲ ከረጢት ያሰፉበት፣ በውስጡም ልሙጥ የእንጨት ዘንግ ያሳልፉ፤ የሚሰቀለው ዘንጉ ነው። ብል የሚጀምረው በማይነካ እጥፋት ውስጥ ስለሆነ በየሦስት ወሩ አውርደው በጥላ ሥር ያራግፉት። ወርዱ ከፓነሉ ጋር ስለሚሻማ፣ ከሁለቱ 88 ሴንቲሜትር ባዶዎች በአንዱ ላይ በቁመት ታጥፎ ቢሰቀል የበለጠ ይታያል።

ለቀንድ ዋንጫው ጥልቀቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ መደርደሪያ ይበቃል። ከፊት በኩል 2 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ከንፈር ይኑረው፣ ከሶፋው በላይም አይሁን። ደሴ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ አጠገብ ያለች ከተማ ናት፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራ ቆሬን ያፈራረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። ሸክላና ቀንድ ከተቀመጡ ሰዎች ራስ በላይ አይደረደርም።

ስለ አማትዎ ማንሣትዎ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ ነው። መካ ከደሴ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ የሁለቱ ኬንትሮስ እጅግ የተቀራረበ ነውና። የእርስዎ ግድግዳ በስተሰሜን ከሆነ እሳቸው የሚሰግዱት ፊት ለፊቱ ቆመው ነው፤ ሰጋጆች በፊታቸው የሰው ምስል እንዲኖር ስለማይወዱ የቤተሰብ ፎቶግራፎቹን ወደ ጎን ግድግዳ ያዛውሩ፣ ስፌቱና ባናው ግን ማንንም አያስቸግሩም። ቁርአን በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ከሁሉም ከፍ ብሎ ለብቻው ይሁን። በእርስዎ በኩል ቅዱሳት ሥዕላት ካሉ ደግሞ የጸሎት አቅጣጫ ምሥራቅ በመሆኑ ቦታቸው ከወዲሁ የታወቀ ነው። በዚህ መንገድ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ግድግዳ ላይ አይገፋፉም።

ፎቶግራፎቹን በተመለከተ፣ ዋናዎቹ በካርቶኑ ይቆዩና ቅጂዎቻቸው ይሰቀሉ። ፎቶግራፉ መስታወቱን እንዳይነካ በመካከላቸው ወፍራም የካርቶን ክፈፍ ይግባ፤ በእርጥብ አገር ፎቶግራፍ ከመስታወት ጋር ከተጣበቀ ፊቱ ሳይላጥ አይለይም። መብራቱን ወደ ቢጫ የሚያደላ ባለ 3,000 ኬልቪን ኤልኢዲ ያድርጉት፣ ከኮርኒሱ ላይ ሆኖም ግድግዳውን በሰያፍ ይምታው፤ ያን ጊዜ የስፌቱ ዙር ጥላ እየጣለ ይነበባል። ቴሌቪዥኑም ወደዚሁ ግድግዳ ይምጣ የሚል የቤተሰብ አባል መነሣቱ አይቀርም። አይምጣ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ተከራይተን የምንኖር አዲስ ተጋቢዎች ነን። አከራያችን ግድግዳ እንዳይበሳ አስጠንቅቀውናል። ሳሎናችን በአረቢያን መጅሊስ የተነጠፈ ነው፤ የሠርግ ፎቶግራፎቻችንንና ጥቂት ዕቃዎችን ማሳየት እንፈልጋለን። በሚለጠፍ ማንጠልጠያ ሞክረን በማግስቱ ወድቀው አገኘናቸው።
ተ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሚለጠፍ ማንጠልጠያ የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ቀለሙ ዱቄት የሚያወጣ ርካሽ ቀለም ወይም ሸካራ ኳርትዝ ከሆነ ምንም ማጣበቂያ አይበረክትም፤ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቆ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ባለው የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ማጣበቂያው ራሱ ይለሰልሳል።

ግድግዳውን ሳትነኩ የምትሠሩት ሰሌዳ ነው። ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር የሆነ ኮምፔርሳቶ፣ ወርዱ 180፣ ቁመቱ 120 ሴንቲሜትር ተቆርጦ ከጀርባው በጣውላ ይጠንክር፤ 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ባለው ጠባብ ሣጥን ላይ ቆሞ ወደ ግድግዳው ይደገፍ፣ ከሣጥኑም ጋር በብሎን ይታሰር። ሣጥኑ ውስጥ ብርድ ልብስ ወይም መጻሕፍት ከገቡበት ክብደቱ ሰሌዳውን ያጸናዋል። በሰሌዳው ላይ እንደ ልባችሁ መምታት ትችላላችሁ፤ ቤት ስትለቁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ልጅ ሲወለድና መሳብ ሲጀምር ግን መደገፍ ብቻውን ስለማይበቃ፣ ያን ጊዜ አከራያችሁን ሁለት ቀዳዳ ብቻ ለምኑ፤ ስትለቁ በስቱኮ ደፍናችሁ ቀለም እንደምትቀቡ ብትገልጹላቸው የሚከለክሉ አይመስለንም።

በመጅሊስ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 85 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ስለሚሆን፣ የሶፋ ቤት ልክ ለእናንተ አይሠራም። የፎቶግራፎቹ መካከለኛ ነጥብ ከ110 እስከ 115 ሴንቲሜትር ይሁን። ለቆመ እንግዳ ዝቅ ያለ ቢመስልም፣ በእናንተ ቤት ቆሞ የሚቆይ እንግዳ የለም። መንገድ ዳር ከሆናችሁ የከባድ መኪናው አቧራ ስለማይቀርላችሁ መስታወት የሌለው ክፈፍ አትግዙ።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የቀረ አንድ የብራና ገጽ አለኝ፤ ከዳዊት መጽሐፍ ወጥቶ የቀረ ነው ይላሉ። እንዳይበላሽ ላሚኔት አስደርጌ ሳሎን ልሰቅለው አስቤአለሁ።
መ.፣ ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ ላሚኔት በፍጹም አያስደርጉት። ብራና ቆዳ በመሆኑ እርጥበት ሲያገኝ ይዘረጋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በላሚኔት ማሽን ሙቀት ውስጥ ሲያልፍ ተኮማትሮ ይቀራል፣ ከላስቲኩም መልሶ የሚያወጣው ባለሙያ አይገኝም። በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ በየቀኑ ብርሃን ሲያርፍበትም ቀለሙ ይገረጣል፣ ብራናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የደረቀው ቀለም እየተሰነጣጠቀ ይረግፋል። ሳይታጠፍ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ሣጥን ውስጥ በአግድም ይቀመጥ።

የሚሰቀለው ፎቶግራፉ ነው። ጥላ ባለበት የቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራውን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርገው ከፊትም ከጀርባም ያንሡት፤ በአንደኛው ፎቶ ላይ ማስመሪያ ከጎኑ ይኑር፣ ሲታተም ትክክለኛውን መጠን ለማግኘት ይረዳል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት መዘረፉን የሚያውቅ የከተማዋ ነዋሪ ሁሉ፣ በቤቱ ያለውን ቅርስ ፎቶ አንሥቶ ቅጂውን ሌላ ቦታ ማኖሩ ለምን እንደሚጠቅም አይጠፋውም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብ እጅ ቢሆንም ሊመዘገብ የሚገባው ነው፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም፤ ስለዚህ ፎቶግራፎቹን ይዘው ወደ ከተማዎ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ብቅ ይበሉ። ቅጂውን ሲያሳትሙ የማያብረቀርቅ ወረቀት ይምረጡ፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የብራናው መልክ ፈጽሞ አይመጣም።